ተሳቢና መጋዘን
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በጅማ ቦሳ አዲስ መጋዘን ለማሠራት የሚያስብ የቡና ነጋዴ መሐንዲሱን አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ጆንያ እንደሚይዝለት ነው። መኪናው ከነተሳቢው በበሩ መግባት አለመግባቱ የሚጠየቀው ግን ብዙውን ጊዜ ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ከ11 እስከ 12 በመቶ እርጥበት ይዞ የደረቀ ቡና ዝናብ ሲያገኘው ይሻግታል፤ የጅማ ክረምት ደግሞ ለጫኝና አውራጅ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ተሳቢው ደጅ ከቀረ 60 ኪሎ የሚመዝነው እያንዳንዱ ጆንያ በሰው ጫንቃ ላይ ሆኖ በዝናብ ውስጥ ያልፋል። በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በጅማ እንዳቋቋመው ባለ መረከቢያ መጋዘን፣ መኪኖች ተራ ይዘው በሚቆሙበት ስፍራ፣ አንድ ተሳቢ በር ላይ ቢያዝ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል።

የተሳቢውን ወረቀትና የሕንፃውን ፕላን ጎን ለጎን ማነጻጸር በቂ የሚመስላቸው አሉ። በእርግጥ መነሻው እርሱ ነው። መደበኛው ኮንቴይነር 2.59 ሜትር፣ ረጅሙ ዓይነት ደግሞ 2.90 ሜትር ቁመት አለው። ወለሉ ከመሬት 1.50 ሜትር ከፍ ባለ ተሳቢ ላይ ሲቀመጡ አንዱ 4.09፣ ሌላው 4.40 ሜትር ይሆናል፤ ቁመቱ 4.20 ሜትር በሆነ በር የመጀመሪያው አልፎ ሁለተኛው ጉበኑን ይመታል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያታልለው ባሌስትራው ነው። የተጫነ ተሳቢ ዝቅ ይላል፤ ሲራገፍ ይነሣል። ስለሆነም በጥቂት ጣት ልዩነት የገባው፣ ኮንቴይነሩ ሳይወርድ ቡናው ብቻ ሲራገፍለት፣ ባዶውን ሊወጣ ሲል ይያዛል። (ባዶ ገብቶ ጭኖ የሚወጣ ይህ አይደርስበትም።) ቁመት መለካት ያለበት ተሳቢው ባዶ ሳለ፣ ጎማው በሚገባ ተነፍቶ ነው። ጆንያ ከስፖንዳው በላይ ተከምሮ ሸራ የሚለብስ ከሆነ ግን ጭኖ ሳለም ይለካል።

ጭቃው የራሱን መዘዝ ያመጣል። ግቢው እንዳይዘፍቅ በየክረምቱ ገረጋንቲ ይደፋበታል፤ ከዓመታት በኋላም ደጁ ከመጋዘኑ ወለል ከፍ ብሎ መግቢያው ቁልቁለት ይሆናል። ቁልቁለቱ በአንድ ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። የፊትና የኋላ ጎማዎቹ 6 ሜትር የተራራቁ ተሳቢ ወገቡ ከጉበኑ ሥር ሲደርስ የኋላ ጎማው ከወለሉ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ወገቡም 15 ሴንቲ ሜትር ይነሣል። በፕላኑ ላይ የነበረው ትርፍ በዚህ ያልቃል።

ስለ ስፋት ብዙ ማለት አያስፈልግም። የሚለካው በሩ ተከፍቶ ሳለ በሁለቱ ሳንቃዎች መካከል የሚቀረው ክፍት ቦታ ነው። የተሳቢው የኋላ ጎማ በመታጠፊያ ላይ ወደ ውስጥ ስለሚቆርጥም ከበሩ ፊት ቀጥ ብሎ የሚሰለፍበት ሜዳ ከሌለ ሰፊ በር አይጠቅምም።

ተሳቢው አልገባ ሲል ጉበን ለማፍረስ መቸኮል አይገባም፤ በድንጋይ ግንብ ውስጥ ጉበን የበላዩን ሸክም ተሸካሚ ነው። አስቀድሞ ገረጋንቲውን ጠርጎ ደጁን ወደ ቀድሞው ከፍታ መመለስ ይሻላል። ያም ካልበቃ ከበሩ ፊት ከፍ ያለ ጣሪያ ዘርግቶ ከሥሩ ማራገፍ ይቻላል። የጣሪያው ውኃ ግን በአሸንዳ ወደ ቦይ መወሰድ አለበት፤ አለዚያ ደጁ ተመልሶ ይጨቀያል፣ በሚቀጥለውም ክረምት ሌላ ገረጋንቲ ይደፋበታል።