ጆን ካልሁን እና ያልተቆጠረው ብዙኃን



በአሜሪካ የምክትል ፕሬዚዳንቱ ወንበር አብዛኛውን ጊዜ ስም እንጂ ሥልጣን አልነበረውም። ባለወንበሩ ሴኔቱን ይመራል፤ ድምፅ እኩል ለእኩል ሲከፈል ብቻ ድምፁን ይሰጣል፤ ከዚህ ሌላ ሥራው የፕሬዚዳንቱን ጤና መጠየቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ1825 እስከ 1832 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚህ ወንበር የተቀመጠው ጆን ካልሁን ግን ባዶ በሚመስለው ሹመት ላይ ሳለ የነደፈው ሐሳብ አገሩን እስከ መሠረቷ አናወጠ።

ካልሁን በ1782 በሳውዝ ካሮላይና ከባሪያ አሳዳሪ ገበሬ ተወለደ። በ1804 ከዬል ኮሌጅ ተመረቀ፤ ሕግ አጥንቶ ጥቂት በጥብቅና ከሠራ በኋላ በ1811 ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ገባ። በወጣትነቱ ለብሔራዊ ባንክ፣ ለመንገድ ሥራ፣ በ1816 ለወጣው የቀረጥ ሕግ ሳይቀር የተሟገተ የማዕከላዊ መንግሥት ደጋፊ ነበር። ኋላ የተገለበጠው ይኸው አቋሙ ነው።

በ1828 በውጭ ሸቀጥ ላይ ከባድ ቀረጥ የሚጥል ሕግ ወጣ። ጥጡን ለውጭ ገበያ እየሸጠ የፋብሪካ ዕቃ የሚሸምተው ደቡብ ሕጉን እንደ ዘረፋ ቆጠረው። ምክትል ፕሬዚዳንቱም ስሙን ሰውሮ ለግዛቱ ምክር ቤት ረጅም ሰነድ ጻፈ። ፍሬ ነገሩም፣ ሕገ መንግሥቱ የግዛቶች ውል ነውና፣ አንድ ግዛት ከውሉ ውጭ ነው ያለውን የፌዴራል ሕግ በወሰኑ ውስጥ ውድቅ ሊያደርግ ይችላል የሚል ነበር። በኅዳር 1832 ሳውዝ ካሮላይና ይህንኑ አደረገች። ፕሬዚዳንት ጃክሰን በኃይል እንደሚያስከብር አስታወቀ። ካልሁን በታኅሣሥ ወር ሥልጣኑን ለቅቆ ግዛቱን ወክሎ ወደ ሴኔት ገባ። በ1833 ቀረጡ በመጠኑ ሲቀነስ ጠቡ ለጊዜው በረደ።

ከሞቱ በኋላ በ1851 የታተመው የመንግሥት ጥናቱ ሐሳቡን አስፍቶ ያቀርባል፦ በቁጥር የበለጠ ወገን ብቻውን የሚገዛ ከሆነ አናሳው ይጨቆናል፤ ስለዚህ ትልልቅ ጥቅሞች ሁሉ የየራሳቸው የመከልከል ድምፅ ሊኖራቸው ይገባል። ለሕግ ባለሙያ ጆሮ ይህ ክርክር ጠንካራ ነው፤ ሥልጣንን ስለ መጋራት የሚመራመሩ ሊቃውንትም እስከ ዛሬ ያነሡታል። ነገር ግን በ1830 ቆጠራ ከሳውዝ ካሮላይና ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው በባርነት የተያዘ ነበር። ካልሁን አናሳ ብሎ ጥበቃ የጠየቀለት ወገን ባሪያ አሳዳሪው ነው፤ በገዛ ግዛቱ ብዙኃን የነበሩት፣ በፎርት ሂል እርሻውም ጥጡን የሚለቅሙለት ሰዎች፣ በሒሳቡ ውስጥ ድምፅ አልነበራቸውም። ይህ የዝንጋታ ጉድለት አልነበረም። በ1837 በሴኔት ተነሥቶ ባርነት ለጌታውም ለባሪያውም መልካም ነገር መሆኑን ተከራክሯል።

በመጋቢት 1850 የመጨረሻ ንግግሩ ሲነበብ ሕመም ስለ ጸናበት አንባቢው ሌላ ሴናተር ነበር፤ እርሱ ተቀምጦ አዳመጠ። በዚያው ወር ማለቂያ ሞተ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1860፣ ከኅብረቱ ለመገንጠል የመጀመሪያዋ የሆነችው ሳውዝ ካሮላይና ናት።

የዬል ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተጠራውን ኮሌጅ ስያሜ በ2017 ለወጠ፤ የቻርልስተን ከተማም በ2020 ሐውልቱን ከአደባባይ አወረደች። የፎርት ሂል ቤት ግን አማቹ መሬቱን ለኮሌጅ መሥሪያ ስለ ተናዘዘ፣ ዛሬም በክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይገኛል።