የማይሰማ ልጅና ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ያለው ፈሳሽ



በአብነት ትምህርት ቤት ልጅ አስቀድሞ የሚማረው በጆሮው ነው። የኔታ ይሰጣሉ፣ ተማሪው ይቀበላል። በሥራ ከጎበኘናቸው ጉባኤ ቤቶች በአንዱ ከኋላ ተቀምጦ ቃሉን እያዛባ የሚመልስ ሕፃን አየን። አንድ ቀን በሚገባ ይመልሳል፣ በማግስቱ ይስታል። በጉብኝት ማስታወሻችን ላይ “ትኩረት የማይሰጥ” ብለን ጻፍንለት። የተቀጣበትም ቀን ነበር። ሕመምም ትኩሳትም አልነበረውም፤ ከጆሮውም የሚወጣ ነገር አልታየም። ኋላ በሐኪም ሲታይ ከሁለቱም ታምቡሮቹ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ። ያን ማስታወሻ ባየን ቁጥር እናፍራለን።

የመካከለኛው ጆሮ አየር የሚያገኘው ከአፍንጫ በስተኋላ በሚነሣ ቀጭን ቱቦ ነው። የሕፃናት ቱቦ አጭርና አግድም የተጋደመ ስለሆነ በጉንፋን ሲያብጥ በቀላሉ ይዘጋል። አየሩ ሲያንስ ፈሳሽ ይተካል፤ ታምቡሩም እንደ ልብ መርገብገብ ይሳነዋል። መስማቱ ከቀን ቀን የሚለዋወጥ መሆኑ ነው መምህርንም ወላጅንም የሚያሳስተው።

ፈሳሹ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና ክትትል ነው። አንቲባዮቲክም ሆነ የጉንፋን ክኒን ለዚህ አይመከርም። ዘይት፣ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ በጆሮ መጨመርማ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ፈሳሹ ያለው ከታምቡሩ ወዲያ ነውና ከውጭ የገባው አይደርስበትም። እናቶች ስለ ልጃቸው ጆሮ ጠበል ሲጠይቁ፣ አባቶች ሐኪሙንም እንድታስታውሷቸው እንለምናለን።

ከ3 ወር በላይ ከቆየ የመስማት ምርመራ ያስፈልጋል። መስማቱ ቀንሶ ከተገኘ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም በታምቡሩ ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቱቦ ሊያኖር ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ከወራት በኋላ በራሷ ትወድቃለች። እንዲህ ያለ ሐኪም በየወረዳው እንደሌለ እናውቃለን። የሰበካ ጉባኤው የመጓጓዣ ወጪ እንዲያስብ የምንጠይቀውም ስለዚህ ነው። ብርቱ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም መግል ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ያ ሕፃን ቱቦ አላስፈለገውም። የኔታ ከፊታቸው አስቀምጠው፣ ፊቱን እያዩ፣ ቀስ ብለው ያስቀጽሉት ጀመር። ለክትትል ስንወስደው ፈሳሹ ጠፍቶ ነበር። ከፊት ያለውን ስፍራ ግን እስከ አሁን አልለቀቀም።