ስለ ማሲንቆ ሙጫና ስለ ጾም ምግብ በቶኪዮ

(በሙዚቃ ክበባችን ስም በተማሪዎች አዳራሽ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በዚህ መድረክ ላይ የቆምነው የመንገድ ወሬ ልናወራችሁ ብቻ ሳይሆን፣ እንደ ባለ ዕዳ ሒሳብ ልንሰጣችሁ መሆኑን አስቀድመን እንድንናገር ይፈቀድልን። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በቶኪዮ ከተማ የሚገኝ አንድ የተማሪዎች የሙዚቃ ክበብ ጋብዞን አምስታችን ለ12 ቀን በሄድን ጊዜ፣ በኪሳችን የነበረው ገንዘብ ከእናንተ የተዋጣ ነበር። ከቁርሱ ቀንሶ የሰጠ እንዳለም እናውቃለን። ስለዚህ ምን እንደ ገዛን፣ ምን እንዳበላሸን፣ በዚያም መካከል ምን እየበላን እንደ ሰነበትን እንነግራችኋለን። የምግቡ ነገር ከሒሳቡ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ወቅት መግጠማቸውን ታስታውሳላችሁ። ከአምስታችን ሦስቱ ዐቢይ ጾምን፣ ሁለቱ ረመዳንን የያዙ ነበሩ። ለመንገደኛ ምን እንደሚፈቀድለት በአውሮፕላኑ ውስጥ የጀመርነው ክርክር ቶኪዮ ስንደርስም አላለቀም ነበር። በመጨረሻ ሁሉም እንደ ያዘው እንዲቀጥል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚፈታውም ጓደኞቹን ጠብቆ ፀሐይ ስትጠልቅ አብሮ እንዲበላ ተስማማን። ከዚህም የተነሣ የምንፈልገው ማዕድ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤና የአልኮል መጠጥ ፈጽሞ የማይገባበት መሆን ነበረበት። በአገራችን ቢሆን ምን ችግር አለው? «የጾም» ማለት ብቻ ይበቃል። ያ አንድ ቃል ምን ያህል ሥራ ይሠራልን እንደ ነበረ ያወቅነው ቃሉን የሚረዳ ሰው በሌለበት አገር ነው።

በመጀመሪያው ምሽት ጋባዦቻችን ወደ አንድ አነስተኛ ምግብ ቤት ወሰዱን። ሥጋ እንደማንበላ አስቀድመን ጽፈንላቸው ስለ ነበረ፣ በፊታችን የቀረበው ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ ነበር፤ ተጠብሶ፣ ትኩስ መረቅ ውስጥ ተቀምጦ። በላዩ ላይ እንደ ወረቀት የሳሱ ቡናማ ፍቅፋቂዎች ተነስንሰውበት በእንፋሎቱ ይወዛወዙ ነበር። ነገሩ ሕይወት ያለው ይመስል ነበርና ሁላችንም ሣቅን። ማሲንቆ ተጫዋቻችን ሁለት ጉርሻ ያህል ከዋጠ በኋላ፣ ከመካከላችን አንዱ «ይህ የሚወዛወዘው ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ደርቆ የተፋቀ ዓሣ ኖሯል! መረቁም የተሠራው ከዚያው ከዓሣው ነው፤ ጣፋጭነቱም የመጣው ሚሪን ከሚባል የሩዝ ወይን ነው። ማሲንቆ ተጫዋቻችን የመመገቢያ እንጨቶቹን አስቀመጠና ዝም አለ። በዚያ ማታ ከሩዝ በቀር ምንም አልቀመሰም። ጋባዦቻችንም ከእርሱ ይልቅ አፈሩ፤ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ሲጠይቁን እኛም የምንገባበት ጠፋን።

በኋላ ነገሩን ስናስበው በእነርሱ ልንፈርድ አልቻልንም። ዳሺ የሚሉት ያ የዓሣ መረቅ ለጃፓን ወጥ ቤት ምግብ ሳይሆን መሠረት ነው። በሾርባው፣ በኑድል መረቁ፣ በተቀቀለው አትክልት ውስጥ ሳይቀር ይገባል፤ ማንም ሰው «ዓሣ ጨመርሁ» ብሎ አያስበውም። እኛስ ብንሆን ሥጋ አልበላም የሚል እንግዳ በፍስክ ቀን ሲመጣብን ሽሮ አቅርበንለት፣ ሽሮው በንጥር ቅቤ የተሠራ መሆኑን ለመናገር ትዝ ይለናልን? ቅቤው ለእኛ ቅመም ነውና ለእርሱም ቅመም ይመስለናል።

ስለዚህ አንዷ ተማሪ በማግሥቱ በትንሽ ካርድ ላይ በጃፓንኛ ጻፈችልን። ካርዱ «አትክልት እንበላለን» የሚል አልነበረም። የማንበላውን አንድ በአንድ የሚቆጥር ነበር፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ የዓሣ ዳሺ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ሚሪን። ከሥሩም «ሾጂን» የሚል ቃል ጨመረችበት። ሾጂን ርዮሪ ማለት የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ነው፤ ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም የለበትም፤ መረቁም ኮምቡ ከሚባል የባሕር ቅጠል ወይም ከደረቀ እንጉዳይ ይሠራል። እንዲያውም በልማዱ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ ስለማይገባበት በዚህ ረገድ ከእኛ ይከብዳል። ይህ ቃል ከተጻፈ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ካርዱን ያነበበች አንዲት ባለ ምግብ ቤት ሦስት ጊዜ ራሷን ነቀነቀችና ልትመልሰን ነው ስንል፣ ወደ ውስጥ ገብታ ሩዝ፣ የኮምቡ መረቅና በዘይት የተጠበሰ አትክልት ይዛ ወጣች። ቀድሞ ባዕድ አመል ያለን መስለናት ነበር፤ ለሃይማኖት ብለን የምንከለከል መሆናችንን ስትረዳ ግን በራሷ አገር የምታውቀው ነገር ሆነላት። መነኮሳት ያልሆንን መሆናችንን የማስረዳት ግዴታም አልተሰማንም።

ወደዚያ ለሚሄድ ጾመኛ ጥቂት እንጨምርለት። ትኩስ የተጠበሰ ስኳር ድንች፣ ያኪ ኢሞ ይሉታል፣ በየሸቀጥ መደብሩ ይገኛል፤ ከእርሱ የሚሻል ወዳጅ አላገኘንም። በሕንድ ምግብ ቤት የምስር ወጥ አለ፤ ነገር ግን ቅቤ እንዳይገባበት መናገር ያስፈልጋል፤ ቂጣቸው ወተት ወይም እርጎ ሊገባበት ስለሚችል ሩዙን መውሰድ ይሻላል። ናቶ ከሚባለው የፈላ አኩሪ አተር ጋር በትንሽ ከረጢት የሚመጣው ወጥ ብዙውን ጊዜ ዓሣ አለበት። የናቶውን ሽታ ከመልመድ ግን ሁለቱንም መተው ይቀላል! አንድ ምሽት ደግሞ ካጹሺካ በሚባለው የከተማው ክፍል የሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ጋበዙን። ሽሮው በምን እንደ ተሠራ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የሙዚቃ መሣሪያ የሚሸጥበት ሠፈር ኦቻኖሚዙ ይባላል። የቃሉ ትርጉም የሻይ ውሃ ማለት ነው፤ ዱሮ ለገዢው ሻይ የሚቀዳበት ምንጭ እዚያ ነበርና። ከባቡር ጣቢያው ወጥቶ በሜይጂ ዩኒቨርሲቲ በኩል ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ግራና ቀኙ የጊታር ሱቅ ነው። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ጂምቦቾ የሚባለው የአሮጌ መጻሕፍት ገበያ ይጀምራል። መጽሐፍና ጊታር በአንድ መንገድ ላይ መገኘታቸው አያስደንቅም፤ ሠፈሩ የተማሪ ሠፈር ነው።

በዚያው ሠፈር፣ ከጊታሮቹ ጥቂት ደቂቃ ርቆ፣ በ1891 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ፣ በ1923ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቶ፣ በ1929 የታደሰ የኦርቶዶክስ ካቴድራል አለ። በመሥራቹ በሩሲያዊው ጳጳስ ስም ኒኮላይ ዶ ይሉታል። ሥርዐቱ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን የተለየ ነው። ነገር ግን ሻማ የምትሸጠው ሴት ጾመኞች መሆናችንን በሰማች ጊዜ «ኦሞኖኢሚ» የሚመስል ቃል ተናገረች፤ አስተርጓሚያችንም አስተካክሎ «ኦ-ሞኖኢሚ» ማለት ዐቢይ ጾም ነው አለን። እነርሱም በዚያው ሳምንት ይጾሙ ነበር። ይህ ቃል ግን ከቅጥሩ ውጭ ብዙ ሰው የሚያውቀው አልሆነምና፣ በምግብ ቤቶቹ ወደ ሾጂን ተመለስን።

በሱቆቹ ውስጥም የገጠመን ያው ነው። በመጀመሪያው ቀን «ርካሽ ነገር አሳዩን» እያልን ስንዞር ለጀማሪ ልጆች የሚሸጠውን ሁሉ አዩልን፤ ምንም ሳንገዛ መሸ። በማግሥቱ ሁለት ቃላት ይዘን ሄድን። አንደኛው ቹኮ ነው፤ ያገለገለ ዕቃ ማለት ነው። ሁለተኛው ሺሶ ነው፤ ተጫውቶ መሞከር ማለት ነው። በዚያ አገር ጊታሩን ከግድግዳ ላይ ራስህ አታወርድም። ሺሶ ስትል ሻጩ ያወርደዋል፣ ይቃኘዋል፣ ከድምፅ ማጉያ ጋር ያገናኘዋል፣ ወንበር ይሰጥሃል። ባትገዛም አይቆጣህም። ዋጋ መከራከር ግን አልተሳካልንም፤ የሞከረው ጓደኛችን ፈገግታ ብቻ ነው ያተረፈው። ፓስፖርት ለሚያሳይ ጎብኚ፣ ዕቃው 5 ሺህ የንና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በሄድንበት ጊዜ 10 በመቶው የፍጆታ ግብር እዚያው ይቀነስለት ነበር። ከኖቬምበር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን መጀመሪያ ከፍሎ ከአገር ሲወጡ ማስመለስ እንዲሆን ተወስኗልና የሚሄድ ሰው ይህን ይወቅ።

ከሁሉ የምናስታውሰው የማሲንቆውን ነገር ነው። ጓደኛችን ለጭራው የሚቀባው ሙጫ አልቆበት ነበር። ማሲንቆ የሚባል ነገር በዚያ ሠፈር ማን ያውቃል? ስለዚህ መሣሪያውን ከነቦርሳው ይዘን ወደ አንድ የቫዮሊን ሱቅ ገባን። ሽማግሌው ባለ ሱቅ ጭራውን በጣቱ ዳሰሰና «ማጹያኒ» አለ፤ የጥድ ሙጫ ማለት ነው፤ ወዲያው ከመሳቢያ አወጣ። ከዚያም በእጁ ሺሶ እያለ ወንበር አቀረበ። ጓደኛችን አምባሰልን ጀመረ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። የአምባሰል አምስት ድምፆች ሚያኮ ቡሺ ከሚባለው ከጃፓኖች ቅኝት ጋር በርቀታቸው አንድ ናቸውና፣ የራሳቸው የሆነ የማያውቁት ዘፈን መሰላቸው። ባቲን ሲሰሙ ደግሞ ኦኪናዋ አሉ፤ የዚያች ደሴት ቅኝት ከአንዱ የባቲ ዓይነት ጋር ይገጥማል። የሙዚቃ መምህሮቻችን ይህን በክፍል ነግረውን ነበር፤ አላመንናቸውም ነበርና እዚህ ላይ ይቅርታ እንጠይቃለን። ባለ ሱቁ የሙጫውን ዋጋ አልተቀበለንም። በመሣሪያው ገላ ላይ ተለጥፎ ንዝረቱን የሚያነሣ ትንሽ ፒክአፕ እንደሚያስፈልገን የነገረንም እርሱ ነው፤ ሁለት ገዛን፣ አንዱን ለማሲንቆው፣ አንዱን ለክራሩ።

አሁን የሚያሳፍረንን እንናገር። የክበባችንን ትልቁን ገንዘብ ያወጣንበት ዕቃ አንድ ያገለገለ የጊታር ድምፅ ማጉያ ነው፤ 26 ሺህ የን። በሱቁ ውስጥ አንድ ሰዓት ሞከርነው፤ ድምፁ ማለፊያ ነበር። ከበስተጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍም አነበብን፤ 50/60 ኸርዝ ይላል። እኛም ደስ አለን። ምሥራቅ ጃፓን በ50፣ ምዕራብ ጃፓን በ60 ኸርዝ እንደሚሠራ ሰምተን ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ቶኪዮ የጀርመንን፣ ኦሳካ የአሜሪካንን ማመንጫ ገዝተው እስከ ዛሬ ሳይስማሙ ቀሩ። የእኛም አገር 50 ስለ ሆነ ነገሩ ያለቀ መሰለን። ከዚያው መስመር ላይ፣ ከ50/60ው ቀድሞ፣ 100 ቮልት የሚለውን ማንም አላነበበም። የእኛ መስመር 220 መሆኑን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ከአምስታችን አንዱ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ መሆኑን ለመናገር ግን ተገደናል።

አዲስ አበባ በገባን በሦስተኛው ቀን በልምምድ ክፍላችን ሰካነው። ለአንድ አፍታ ጮኸ፤ ከዚያም ጢስ ወጣ። ቮልቱ ከ2 እጥፍ በላይ ሲሆን በተራ ማሞቂያ ላይ እንኳ ሙቀቱ ወደ 5 እጥፍ ይጠጋል፤ ይህን ያሰላው ያው ጓደኛችን ነው፤ ከጢሱ በኋላ። ስህተቱ የሻጩ አይደለም፤ ወዴት እንደምንወስደው አልጠየቀንም፣ እኛም አልነገርነውም። የባትሪ መሙያና ብዙ አዳዲስ ቻርጀሮች 100-240 የሚል ጽሑፍ አላቸውና በየትም ይሠራሉ፤ ይህ ጽሑፍ የሌለበት ዕቃ ግን ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ፔዳል ለመንገደኛ የሚመቸውም ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለ አንድ ፔዳል «ጃንክ» ከሚሉት መደርደሪያ በ1,100 የን አግኝተናል። ጃንክ ማለት ሳይሞከር፣ ያለ ዋስትና፣ የማይመለስ ዕቃ ነው፤ የተበላሸው የባትሪው ሽቦ ብቻ ስለ ነበረ በብየዳ ተሠርቶ አሁን ይሠራል። በጥንቃቄ የተገዛው ተቃጥሎ በዕድል የተገዛው መዳኑን አስቡት።

የሒሳቡ ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል። የተረፈው 3,400 የን ለገንዘብ ያዣችን ተመልሷል። ድምፅ ማጉያው መርካቶ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ነው፤ ትራንስፎርመሩን ለ220 እንደ ገና እየጠመጠመው ነው። የእጁን ዋጋ የምንከፍለው አምስታችን ነን፤ ከክበቡ አንድ ሳንቲም አንወስድም። በዚህ ላይ ተቃውሞ ያለው፣ በተለይም «ይበቃችኋል፣ ተዉት» የሚል ቸር ሰው ቢኖር፣ አሳባችንን እንደማንለውጥ አስቀድመን እንነግረዋለን።

ማሲንቆውን ከነፒክአፑ ለመስማት የሚፈልግ ዐርብ ከ11 ሰዓት በኋላ ወደ ልምምድ ክፍላችን ይምጣ። የጊታር ክር የሚያስፈልገው ደግሞ የተበጠሰውን ይዞ ይምጣ፤ ያለን 20 ጥቅል ብቻ ነውና ያልተበጠሰበት ሰው አይሰጠውም።