አሮጌ ትራክተርን ስለ ማደስ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ትራክተር እንድናገር መታዘዜን የሰማ ሁሉ ሳይገረም አይቀርም። በበዓል ቀን የሚነገረው ስለ ትምህርት ጥቅም ነው እንጂ ስለ ዝገትና ስለ ግራሶ ምን ይወራል የሚል ይኖራል። እኔ ግን ሁለቱ አንድ ጉዳይ መሆናቸውን፥ ይኸውም ፊደል የቆጠረ አእምሮና ሥራ የለመደ እጅ ሲገናኙ የሞተ የተባለው መሣሪያ እንደሚነሣ፥ በአጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ከወርክሾፓችን ጀርባ ለብዙ ዓመታት ዶሮ ሲያድርበት የነበረው ትራክተር ማሴ ፈርጉሰን 135 ይባላል። ይህ ዓይነት መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። የእኛው ሞተር ፐርኪንስ የተባለ የናፍጣ ሞተር ሲሆን 3 ሲሊንደር አለው፤ የሦስቱም ይዘት አንድ ላይ 152 ኩቢክ ኢንች፥ ማለት ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ነው።

ይህ መሣሪያ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ የአየርላንዱን ተወላጅ ሃሪ ፈርጉሰንን ማስታወስ ይገባል። በፊት ማረሻ እንደ ጋሪ ከትራክተር ኋላ ይጐተት ነበር። ማረሻው ከድንጋይ ወይም ከሥር ጋር ሲያያዝ የትራክተሩ ፊት ወደ ላይ እየተነሣ በነጂው ላይ ይገለበጥና ሰው ይሞት ነበር። ፈርጉሰን ማረሻውን በ3 ክንዶች ከትራክተሩ ጋር አጋጠመው። ሁለቱ የታች ክንዶች ይስባሉ፤ የላይኛው ክንድ ደግሞ ሥራው ሲከብድ ትራክተሩን ወደ ፊት ስለሚገፋ ፊቱ ከመሬት እንዳይነሣ ይረዳል። የዚያው ክንድ ግፊት የዘይቱን ኃይል ስለሚያዝ መሬቱ ሲጠነክር ማረሻው በራሱ ጥቂት ከፍ ይላል፥ ሲላላም ይወርዳል። የእኛ ገበሬ ዕርፉን ጨብጦ፥ ጠንካራ መሬት ሲገጥመው ማረሻውን በእጁ ቀለል እንደሚያደርገው ያለ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 በእንግሊዝ አገር በኮቬንትሪ ከተማ በዚህ ዘዴ የሚያርሱ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ትንንሽ ግራጫ ትራክተሮች ተሠሩ። ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ቢሞትም ባለ 3 ክንዱ ማያያዣ እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ አሳብ የተሸከመውን መሣሪያ አንድ ነጋዴ እንደ ቁርጥራጭ ብረት በኪሎ ሊገዛው መጣ። ዲሬክተራችን ግን እስከ ክረምቱ መግቢያ ቀን ሰጡን። እኛም 6 ተማሪዎች ከወርክሾፕ መምህራችን ጋር ሥራ ጀመርን።

የጥገና መጀመሪያው መፍታት አይደለም፥ መመልከት ነው። የሞተሩ ዘይት እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ የእኛም እንዲሁ ነበረ። ሞተሩ ደርቆ አልዞር አለ። እንዲህ ያለውን ሞተር በጕልበት ማስገደድ መስበር ነው። ስለዚህ ኢንጄክተሮቹን አውጥተን በየሲሊንደሩ ናፍጣና ዘይት ቀላቅለን አፈሰስን። ከዚያም ከፊት ባለው ዳዶ ላይ ረጅም መፍቻ አግብተን በየቀኑ በቀስታ እንሞክረው ነበር። በ9ኛው ቀን የጣት ስፋት ያህል ተንቀሳቀሰ። በዚያን ቀን የጮኽነው ጩኸት እስከ ክፍል ድረስ ተሰምቶ ተቈጥተውናል።

ቴስታታው ሲነሣ ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ፥ ባልቦላዎቹም ዝገው ተገኙ። ባልቦላዎቹን በእጃችን ፈጭተን በየመቀመጫቸው አስተካከልናቸው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየሩ ሲጨመቅ በጣም ስለሚግል ናፍጣው እንደ ተረጨበት ራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ንጹሕ አየር፥ ንጹሕ ናፍጣና የማያፈስ ጭመቃ ካገኘ ይነሣል። ሦስቱንም አሟልተን ገጠምነው፤ ግን አልነሣ አለ።

አሁን ዋናው ቁም ነገር የመጣበት ቦታ ነው። እኛ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጥገና መጽሐፍ ነበረን። በናፍጣ ቧንቧ ውስጥ አየር ካለ ሞተር እንደማይነሣና አየሩ በምን ተራ እንደሚወጣ አንብበን፥ የታዘዘውን ሁሉ ፈጽመናል። በማግሥቱ በከተማችን ዕድሜያቸውን በጋራዥ ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ ሜካኒክ ተጠርተው መጡ። ጋሼ መጽሐፉን አያነቡም፤ የመሣሪያውን አካል ሁሉ የሚጠሩት ከጣሊያኖች በተወረሰው ስም ነው። በጣታቸው ቧንቧውን ተከትለው ሄዱና ወደ ናፍጣ ማንሻው ፖምፓ ከሚገባው መጋጠሚያ ላይ ቆሙ። «ልጆቼ፥ አየሩን እናንተ ታወጡታላችሁ፤ በዚህ በኩል ተመልሶ ይገባል» አሉን። የመዳቧን ሮንዴላ አውጥተው በእሳት እስክትቀላ አጋሏት፥ አቀዝቅዘውም መልሰው ገጠሟት። አየሩን እንደገና አውጥተን ብናስነሣው ሞተሩ ጥቍር ጢስ ተፍቶ ተነሣ።

ሮንዴላዋ በእሳት ለምን እንደ ዳነች ብንጠይቃቸው «እንዲህ ይደረጋል» ከማለት በቀር ሌላ አልመለሱልንም። ምክንያቱን የነገሩን የፊዚክስ መምህራችን ናቸው፤ መዳብ ሲጨመቅ ይጠነክራል፥ ሲግል ግን ተመልሶ ስለሚለሰልስ መጋጠሚያውን በደንብ ይሞላል። ይህን ሲሰሙ ጋሼ ስቀው «አርባ ዓመት ሳደርገው ዛሬ ገባኝ» አሉ። እጃቸው ባይመጣ መጽሐፋችን ትራክተሩን ከነጋዴው ሚዛን አያድነውም ነበር፤ መጽሐፉም ባይኖር የጋሼ ዕውቀት ከእርሳቸው ጋር ያልፍ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ትራክተሩ የትምህርት ቤቱን እርሻ አረሰ። በሬ አያስፈልግም አልልም፤ በገደላማና ድንጋይ በበዛበት ትንሽ ማሳ ላይ በሬ ይበልጣል። የምለው ግን፥ በአንዲት ሮንዴላ ምክንያት መሣሪያ ቆሞ መቅረቱ ለድኻ አገር ከባድ ኪሳራ ነው።

ክቡራን ወላጆች ሆይ፤ አባቴ ገበሬ ናቸው፥ ዛሬም ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል። ቱታ ለብሼ በዘይት ተለውሼ ባዩኝ ጊዜ «ለዚህ ነው ያስተማርሁህ?» ብለውኛል። ጥያቄው የብዙ ወላጅ ጥያቄ ስለ ሆነ በአክብሮት እመልሳለሁ። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ፥ ሸማ የሚሠራ፥ ቆዳ የሚፍቅ ሲናቅ ኖረ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለዋል፤ ንቀቱ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው እንዲሉ፥ የሚጠፋው የተማረ ልጅ መፍቻ ሲያነሣ ነው። እኔም ፈተናዬን ካለፍሁ የእርሻ መሣሪያ ጥገና ለመማር ወስኛለሁ። አባቴ ሆይ፥ ያስተማሩኝ ለዚህም ነው፤ ከሞፈሩ እንድሸሽ ሳይሆን ለሞፈሩ እንድጠቅም።

ለታናናሾቼ ተማሪዎች አንድ ነገር ትተን እንሄዳለን። የሠራነውን ሁሉ በተራ ጽፈን፥ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም በመጽሐፉ እንግሊዝኛ፥ በጋሼ አጠራርና በአማርኛ መዝግበን፥ ደብተሩን በወርክሾፑ ቁም ሣጥን አኑረነዋል። የሃይድሮሊኩ ፖምፓ ገና ጥቂት ያፈሳል፤ እርሱ የእናንተ ፋንታ ነው። ደብተሩን አንብቡ፥ እጃችሁንም አጥቍሩ፥ የምታገኙትንም ጻፉበት።