የሁለት ዘመን ጀግኖች ቢጋጠሙ



በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም «ሻምበል አበበ ቢቂላና ቀነኒሳ በቀለ፣ ሁለቱም በብርታታቸው ዘመን በማራቶን ቢገናኙ ማን ይቀድም ነበር?» የሚለው ነው። ነገሩ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ከእኛ በፊት የነበሩትን ሰዎች ሥራ በምን ሚዛን እንደምንመዝን የሚገልጥ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ጥቂት ልናገርበት ወደድሁ።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ አሜሪካኖች ለኮምፒዩተር አቅርበውት ነበር። የከባድ ሚዛን የቡጢ ሻምፒዮኑ ሮኪ ማርሲያኖ ከውድድር የተሰናበተው መሐመድ ዓሊ ገና ልጅ ሳለ ነው። ሆኖም ሁለቱ ለፊልም ሲሉ ተጋጥመው ተቀረጹ፤ ፍርዱን ግን ኮምፒዩተር አስልቶ ሰጠ ተባለ። ፊልሙ በ1962 ዓ.ም. በአሜሪካ ሲታይ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ፤ በአውሮፓ በታየው ግን አሸናፊው ዓሊ ሆነ። ፍርዱ እንደ ተመልካቹ አገር የሚለወጥ ከሆነ፣ እውነተኛው ዳኛ ኮምፒዩተሩ አልነበረም ማለት ነው።

የእኛንስ ክርክር ሰዓት ብቻ ይፍረደው ብንል? አበበ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጸመ። ቀነኒሳ በመስከረም 2012 ዓ.ም. በበርሊን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ። ሁለቱን በአንድ ጎዳና ብናሰልፋቸው፣ ቀነኒሳ ሲጨርስ አበበ ገና ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረው ነበር። ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃ ይመስላል።

ነገር ግን በዋግ ሕምራ፣ ተከዜ አጠገብ ባለው በአበርገሌ ቆላ የሚኖር አንድ ወጣት አያቱን፣ «አባባ፣ እኔ ከእርስዎ ፈጥኜ ሰቆጣ እገባለሁ» ቢላቸው፣ ምን ብለው እንደሚመልሱለት መገመት አያስቸግርም። ሰቆጣ ስመ ጥር የአሞሌ ጨው ገበያ ነበረችና፣ «ልጄ፣ መፍጠንህን አልክድም፤ ነገር ግን አሞሌ የተጫነ አህያ እየነዳህ ነውን?» ይሉታል።

እኛም ጭነቱን እንቁጠር። ቀነኒሳን በበርሊን አሯሯጮች ረድተውታል፤ ጫማውም ውስጡ የካርቦን ዝርግ የገባበት አዲስ ሥራ ነበር። አበበ ግን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። በቶኪዮም ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ጥገና ከወጣ 6 ሳምንት ሳይሞላው፣ ሁለተኛውን ሯጭ ከ4 ደቂቃ በላይ ቀደመው። ቀነኒሳ በበርሊን ተከታዩን ብርሃኑ ለገሰን የቀደመው በ1 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው።

ታዲያ አበበ ይበልጣል ልንል ነውን? እንዲህ ብሎ መቸኮልም አይገባም። ዛሬ ሩጫን መተዳደሪያቸው ያደረጉ ብርቱ ሯጮች ከብዙ አገር ስለሚሰለፉ፣ ከእነርሱ አንዲት ደቂቃ ማትረፍ ራሱ ታላቅ ሥራ ነው። የቀነኒሳም ጭነት ይህ ነው።

በየመሥሪያ ቤታችንም በእጅ ጽሕፈትና በመዝገብ ይሠራ የነበረውን ሰው፣ በኮምፒዩተር የምንሠራው «ዘገምተኛ ነበር» እንለዋለን፤ እርሱም በተራው «ሥራማ ድሮ ቀረ» ይለናል። ሁለታችንም የራሳችንን ጭነት እንጂ የሌላውን አልቆጠርንም። እንግዲህ ክርክሩ ዳግመኛ ሲነሣ፣ ማን ይቀድማል ከማለታችን አስቀድሞ፣ በየትኛው መንገድና ምን ተሸክመው ብለን እንጠይቅ።