ጣናን እንዳለ ማንሳት
(የፎቶ ቡድኑ ለማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ያቀረበው ንግግር)



ዛሬ እናንተ ፊት የቆምነው የሚቀጥለው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት አንድ ጉዳይ እንድትወስኑልን ነው። ብዙ ቅጂ ሊገዛን የነበረ አንድ ደንበኛ ከ13ቱ ፎቶዎች ሁለቱ ካልወጡ አልወስድም ብሎናል። አንዱ የእምቦጭ ፎቶ ነው። ሌላው እምቦጩን ከውኃ የሚጎትቱ ሴቶች ፎቶ ነው። የሽያጩ ገቢ ወደ ተዘዋዋሪ ብድራችን ስለሚገባ ነገሩ የሰባታችን ብቻ አይደለም። እኛ ፎቶዎቹ ይቆዩ ባዮች ነን። ምክንያታችንን ከመናገራችን በፊት ግን እንዴት እንደምንሠራ እንንገራችሁ፤ ጀልባ ላይ ወጥተን የምንዝናና የሚመስላችሁ አላችሁና። ትንሽም እንዝናናለን።

ጣና ላይ ሥራ ያለው በማለዳ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ማዕበሉም ጀልባውን ያወዛውዛል። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ባሕር ዳር ከውኃው ዳር እንገኛለን። ፀሐይ ከፍ ካለች ብርሃኑ ከላይ ይወርድና የወፉ ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል። ዓይኑ ያልታየ ወፍ ደግሞ የሞተ ይመስላል። ወደ ወፉ ስንቃረብ ባለጀልባው ሞተሩን እንዲያጠፋ እንለምነዋለን፤ ንዝረቱ ፎቶውን ያደበዝዛል፣ በሞተር የተባረረ ፔሊካንም ጀርባውን እንጂ ፊቱን አይሰጠንም። ነጠላችንን ቤት ትተን እንወጣለን፤ ነጭ ልብስ ከሩቅ ይታያል።

ፔሊካን ራሱ ነጭ ነው፣ ከበስተኋላው ያለው ውኃ ግን ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው። ካሜራው በጥቁሩ ይታለልና ብርሃን ያበዛል፤ ላባው ያልተጻፈበት ወረቀት ይመስላል። ስለዚህ ብርሃኑን አንድ ደረጃ እንቀንሳለን። ለሚበር ወፍ የካሜራው መዝጊያ በሰከንድ አንድ ሺኛ ወይም ከዚያ ባጠረ ጊዜ ተከፍቶ መዘጋት አለበት። ክርናችንን ጉልበታችን ላይ አስደግፈን እናነሣለን፤ ጀልባ ላይ ከዚህ የተሻለ መደገፊያ አላገኘንም።

ከሁሉ የሚሻለን ታንኳ ነው። ከደንገል ስለሚሠራ ከውኃው ብዙም ከፍ አይልም፤ ካሜራችንና የወፉ ዓይን እኩል ይሆናሉ። ውኃ ውስጥ ገብቶ ዝቅ ማለትም ይቻል ነበር፣ ግን ቢልሃርዝያ አለ። ታንኳ የመሥራት ጥበብ ከሁሉ በላይ የነገደ ወይጦ ነው። ቀዛፊውን ስናነሣ አስቀድመን እንጠይቃለን፤ የታተመውንም ፎቶ ወስደን እንሰጠዋለን። ሰው የሐይቁ ጌጥ አይደለም።

ጉማሬዎቹ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ይገኛሉ። ጉማሬ አፉን ሲከፍት የሚያዛጋ ይመስላል፤ ማስፈራራቱ ነው። አፉን እስኪከፍት ጀልባውን አስጠጋ እያሉ ባለጀልባውን የሚጎተጉቱ ጎብኚዎች አይተናል። የእኛ የጉማሬ ፎቶ ሁለት ጆሮና አፍንጫ ብቻ ነው፤ ለግንቦት ወር ገብቷል።

ወደ ደሴቶቹ ስንሄድ የምትጠይቁን ጥያቄ አለ፦ ሴት በማትገባበት ምን ትሠራላችሁ? እውነት ነው፣ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። እኛ ክብራንን ከጀልባ ላይ እናነሣለን፤ ጫካው እስከ ውኃው ዳር ወርዶ ከጫፍ ዛፍ ላይ የዓሣ ንስር ተቀምጦ ይታያል። እንዲህ ያለ ጫካ የተረፈው ገዳማቱ ዛፍ ስላላስቆረጡ ነው። እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴትም ይገባል፤ ደቅ ደሴት ላይ ባለው ናርጋ ሥላሴም እንደዚሁ። ናርጋን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ሴት በራሷ ባሠራችው ቤት የራሷ መልክ መኖሩ እኛን ደስ ይለናል።

አሁን ወደ እምቦጩ። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዩኔስኮ ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ በ2007 ዓ.ም. ሲመዘግበው አረሙ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ይበልጥ የጎዳው ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ፣ እነ ፎገራንና ደምቢያን ነው። ውኃውን ይሸፍናል፣ ብርሃንና አየር ይከለክላል፣ መረብና ጀልባ ይይዛል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ፎገራ ደግሞ አናቱ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለውን ረጅም ወፍ የምናነሣበት ረግረግ ነው።

የሚያስቸግረው ነገር እምቦጭ ያምራል። አበባው ሐምራዊ ነው፣ በማለዳ ብርሃን ሜዳ ሙሉ ሲያብብ ካሜራ ይወደዋል። አበባውን ብቻ አቅርበን ብናነሣው ደንበኛው ለሽፋን በመረጠው ነበር! አልወደደውም የተባለው ፎቶ ግን ከአበባው ጋር የታሰረውን ታንኳ ያሳያል። ቀዛፊው ቆሞ በመቅዘፊያው ይገፋል፣ ታንኳው አይንቀሳቀስም።

ሁለተኛው ፎቶ ላይ ያሉት ሴቶች እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ናቸው። ፎቶውን ካሳየናቸው በኋላ ይታተም ብለዋል፤ አንዷ እንዲያውም እየሳቀች ያለችበት ይሁን አለች፣ እሱን መረጥን። ለደጋፊዎቻችን በግልጽ ለመናገር፣ ይህ ፎቶ ለልመና የተነሣ አይደለም። ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ፎቶ ነው፤ እነሱን አውጥተን ፔሊካኑን ብናስቀር ሐይቁን የሚያጸዳው ፔሊካኑ ይመስላል።

ዋጋውንም አንሸሽግም። ደንበኛው ከቀረ ተዘዋዋሪ ብድሩ ይቀንሳል፣ ተራ የሚጠብቁ እህቶች ይዘገያሉ። እኛ ያሰብነው ይህ ነው፦ ቀን መቁጠሪያው በ13ቱም ፎቶዎች ይታተም፣ ቅጂው ይቀነስ፤ ደንበኛው ከፈለገ የወፎቹንና የደሴቶቹን ፎቶ በፖስት ካርድ ለብቻ እንሽጥለት። ወፎቹን ለብቻ መሸጥ ነውር የለበትም፤ ፖስት ካርድ ዓመቱን ሙሉ ጣና ይህ ነው አይልም። ቀን መቁጠሪያ ግን ግድግዳ ላይ ዓመት ይሰቀላል።

ሁሉም ፎቶዎች ከበሩ በስተቀኝ ተለጥፈዋል፤ ሻይ እየጠጣችሁ ተመልከቷቸው፣ ከዚያ እጅ ታወጣላችሁ። የጳጉሜንን ፎቶ ገና አልቆረጥንም። ለአምስት ቀን የትኛው ይበቃል በሚለው ከጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ወፍና ከዘጌ ቡና መካከል ስንከራከር ነው የሰነበትነው፤ እሱንም ጨምራችሁ ንገሩን።