ገመዱን ማን አሰረው?

 

ውድ አድማጮቻችን፣ ለዛሬው ርእሳችን መነሻ የሆኑን ከዋግ ኽምራ፣ ከደሃና ወረዳ ጥያቄ የላኩልን አንዲት እናት ናቸው። አዲስ አበባ የምትማር ልጃቸው ከጓደኞቿ ጋር እንጦጦ ወጥታ በሽቦ ገመድ ተንጠልጥላ ከዛፎቹ በላይ ልትንሸራተት ማሰቧን በስልክ ነገረቻቸው። እናት ደነገጡ። «በእኛ አገር ገደል ይፈራል እንጂ አይጫወቱበትም፤ ይህ ነፍስን ለጥፋት መዳረግ አይሆንም ወይ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

የደሃናን ገደል የሚያውቅ ሰው በእኚህ እናት አይፈርድም። ነፍስ አማና ናት፤ ለጥፋት መዳረጓንም ቁርኣን ከልክሏል። ነገር ግን ጥፋት የሚለካው በከፍታ ብቻ አይደለም። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ እንደሆነ ለጠየቀው ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስቀድሞ እንዲያስራት፣ ከዚያም እንዲመካ መምከራቸውን ቲርሚዚ ዘግበውታል። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ ማን አሰረው፣ እንዴትስ አሰረው የሚለው ነው።

በገመድ መሻገር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ጎጃምንና ጎንደርን የሚያገናኝ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መሃሉ በመፍረሱ ሰባራ ድልድይ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ለበርካታ አሥርት ዓመታት መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲህና ወዲያ በቆሙ ሰዎች እየተሳበ፣ ከዓባይ በላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። ሳቢዎቹ ቢያዘናጉ የሚጠብቀው ወንዙ ነው። ይህን በመጽሔት ፎቶግራፍ ያየ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ በ1994 ዓ.ም. ከረዳቶቹ ጋር መጥቶ ስብራቱን በብረት አገናኘው። ከሦስት ዓመት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ በ2001 ዓ.ም. በአቅራቢያው ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

እነዚያ ሰዎች የተንጠለጠሉት ቸግሯቸው ነው። ችግር ያስገደደው ሰው በደካማ ገመድ ቢሻገር ምክንያት አለው። ለመዝናናት የሚንጠለጠል ግን ምንም ምክንያት የለውም። ስለዚህ ጥንቃቄው ከእነዚያ እጅግ ሊበልጥ ይገባል።

በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው እንጦጦ ፓርክ ያለው ይህ ጨዋታ ዚፕላይን ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። የብረት ሽቦ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ይዘረጋል፤ ሰውየው ወገቡንና ጭኑን በቀበቶ ታስሮ ሽቦው ላይ በሚሽከረከር መዘውር ይንጠለጠላል፤ የራሱ ክብደት ወደታች ይወስደዋል። ከባድ ሰው ፈጥኖ ይደርሳል፤ ቀላል ሕፃን መሃል ላይ ሊቆም ይችላል፤ ያኔ ሠራተኛ ሄዶ ይጎትተዋል። ክብደት የሚጠየቀው ለዚህ ነውና ማንም አይፈር፤ አይዋሽም።

ብርዱም መታሰብ አለበት። እንጦጦ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት የሚቆረጥመውን ብርድ የደሃና ደገኛ ያለ አስረጂ ያውቀዋል። ፍጥነቱ ራሱ ነፋስ ስለሚፈጥር ጣት ይደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት ደግሞ መያዝም ሆነ መቆለፍ አይችልም። ጓንት ያስፈልጋል። መብረቅና ነጎድጓድ ባለበት ሰዓት ግን ልብስ ቢደራረብም አይወጣም።

ለእህቶቻችን ለይቼ የምናገረው አለኝ። የተለቀቀ የሻርፕና የሂጃብ ጫፍ መዘውሩ ውስጥ ከገባ አንገት ያንቃል። ስለዚህ ሂጃቡ ጠበቅ ብሎ፣ ጫፉ ልብስ ውስጥ ገብቶ፣ የራስ ቆብ ከላይ ይደረግ። ቀበቶው በጭን መካከል ስለሚያልፍ ከረጅም ቀሚስ ሥር ሰፊ ሱሪ መልበስ ግድ ነው። ቀበቶውን የምታስር ሴት ሠራተኛ እንድትመጣ መጠየቅም መብታችሁ ነው፤ ከሌለች መተው ይሻላል።

እዚያ ለምትሠሩ ወጣቶችም እንዲህ እላለሁ፦ የምትቆልፉት ቁልፍ የሰው አማና ነው። ወረፋ በዝቷል ብላችሁ ሳታዩ አትልቀቁ።

እናታችን፣ ጨዋታው በራሱ ሐራም አይደለም። ለልጅዎ ይደውሉላትና ከመውጣቷ በፊት ቀበቶው ስንት ቦታ ላይ እንደታሰረ፣ ሽቦው በየስንት ጊዜው እንደሚፈተሽ፣ አንዱ ማሰሪያ ቢከዳ የሚይዛት ሁለተኛ መኖሩን ጠይቃ እንድትነግርዎ ያድርጉ። መልስ የሚሰጥ ሰው ካጣች ቁጭ ብላ ጓደኞቿን ትጠብቅ።